ሐኪምን ተኝቶ መቀበል

በጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት በታይሾ ዘመን በዘጠነኛው ዓመት፣ የካሞ ወንዝ ጉም ከኪዮቶ ጣራዎች ላይ ሳይነሣ በሚያረፍድበት በኅዳር ወር፣ በሐር ላይ አበባ በመሣል የታወቀችው ወይዘሮ ቶሴ የዓይን ሐኪም ቤት ገብታ ተኛች፤ ግራ ዓይኗን ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት በሽታ ጨርሶት ነበር፤ ቀኙም ከዳር ከዳር እየጨለመ ሄደ።

ሐኪም ኩሳካቤ የዓይን ግፊት በአንድ ቀን ውስጥ እንደ ወንዝ ይሞላል፣ ይጎድላል ብሎ ያምን ነበር፤ ስለዚህ ማለዳ፣ ቀትርና ማታ በጀርባዋ እያስተኛ፣ በጠብታ በደነዘዘው ዓይኗ ላይ ትንሿን የብረት መለኪያ ያቆም ነበር። ግፊቱ አንዴ እንኳ ከፍ ካለ በስለት ሊያድናት አስቦ ነበር፤ ግፊቱ ግን ማለዳም ከፍ አላለም።

«ወይዘሮ ቶሴ፣ ዓይንዎስ ደህና ነው፤ ጠብታውን ይዘው ይሂዱ» አላት።

«ታዲያ ጌታዬ፣ የአበባዬን ዳር ማን በላው?»

«ድካም ይሆናል።»

የብርዱ ወራት አልፎ ጸደይ ሲገባ፣ በእኅቷ ልጅ እጅ ተመርታ ወደ ሐኪም ቤቱ ተመለሰች። እንደገና ተለካች፤ ያው ደህና ሆነ። ያን ጊዜ ከጎኗ የተኛችው የአኩሪ አተር አይብ ሻጭ፣ አፈኛዋ ናካ፣ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጌታዬ ሐኪም፣ ይቺን ሴትዮ ገሥጹልኝ! ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ መቀነቷን ታጥቃ፣ ተንበርክካ ትጠብቅዎታለች። እርስዎ በር ላይ ሲደርሱ ነው ተመልሳ ጋደም የምትል። ሙሽራ ናት እንዴ?»

የሐኪሙ ፊት ዐመድ መሰለ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?»

«ምን ላድርግ ጌታዬ» አለች ቶሴ አንገቷን ደፍታ፤ «የተከበረ ሰው ሲመጣ ተጋድሜ ልቆይ? እናቴ በመቃብሯ አታፍርብኝም?»

በማግሥቱ ራሷን ከትራሷ ሳታነሣ ተለካች፤ ከኀፍረት የተነሣ አፏን በእጅጌዋ ሸፍና ታለቅስ ነበር። ተነሥታ ስትቀመጥ የሚቀልለው ግፊት፣ ገና ከእንቅልፏ ስትነቃ ዓይኗን እንደ ድንጋይ አድርጎት ተገኘ። በዚያው ሳምንት ዓይኗ በስለት ተከፈተ፤ በብርዱ ወራት ሁሉ የሞተው ግን አልተመለሰም፤ የቀራት ብርሃን በወረቀት መስኮት የሚገባ ንጋት ያህል ብቻ ነበር።

የሐኪሙ ጥናት በጉባኤ ተነበበ፤ በሽተኛ ከመኝታው ሳይነሣ እንዲለካም ለተማሪዎቹ ሥርዓት ሆነ። በጥናቱ ውስጥ ቶሴ «አንዲት የኪዮቶ ሴት» ተብላለች፤ ዓይኗን ያስከፈላት ጨዋነቷ አልተጻፈም፤ ያን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው። እርሷ ግን የሚመጣ ሐኪም ባይኖርም፣ እስከ ዕለተ ሞቷ ማለዳ ማለዳ መቀነቷን በዳበሳ እየታጠቀች ተንበርክካ ትቀመጥ ነበር።