አራት የታጠፈች ቁራጭ

ኢንስፔክተር ጋዲሴ ከአሮጌው የስፌት መኪና መርፌ ሥር ያሉትን ጥርሶች በትንሽ ብሩሽ እየጠረገች ነበር። ግራጫ የክር ብናኝ ወጣ። ደግማ ጠረገች፤ አሁን የወጣው ቡናማ ነው። ብሩሹን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። የደረቀ ደም።

ሰፊው ጋሽ ገብረጻድቅ ትናንት እሑድ ጠዋት፣ አቃቂ ባለችው ሱቃቸው፣ ከዚሁ መኪና ሥር ራሳቸው ተፈንክቶ ሞተው ተገኝተዋል። የዘይት ማጠጫው በእጃቸው ነበር። «መኪናውን ዘይት ሲቀቡ አዙሯቸው ወደቁ» ተባለ። ሐኪሙ ግን በሁለቱም ክንዶቻቸው ላይ የበለዘ የጣት ምልክት አገኘ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ዐይን ያረፈው በጎረቤታቸው፣ በጨርቅ ነጋዴዋ ላጢፋ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሽማግሌው ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት ጋዲሴ።

«በሸራ! የሱቅሽ ሸራ ብርሃን ከለከለኝ አሉ። በሸራ ሰው ይገደላል እንዴ?»

«ከአፍሽ የወጣውን እኔ ሰምቻለሁ» አላት ፈቀደ። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ ነው፤ ሽማግሌውና ሚስታቸው እማማ አደሴ አሳድገው ሙያ አስተምረውታል። አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው።

«ስታገኛቸው የነካኸው ነገር አለ?» አለችው ጋዲሴ።

«ጮኽኩ እንጂ ምንም አልነካሁም።»

እማማ አደሴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እጁን እንደያዙ ነበር። «ልጄን ተዪው፤ እንቅልፍ የለውም» አሉ።

ጋዲሴ ከመኪናው ራቅ አለች። «እስኪ በየተራ፣ መኪናውን ለማታ እንደሚዘጋ አድርጋችሁ ዝጉልኝ።»

እማማ አደሴ ክዳኑን ብቻ ደፉበት። ላጢፋ ጨርቅ የሚጫነውን የመኪናውን እግር በባዶ ጥርሱ ላይ ጣለችና «ይኸው!» አለች።

«ጥርሱን ልትጨርሺው ነው?» ብሎ ፈቀደ ገሠጻት። ዐይኑን ከእሷ ሳያነሳ ከጠረጴዛው ቁራጭ ጨርቅ አንስቶ፣ አራት አጥፎ ለእግሩ አስነከሰው።

ጋዲሴ ከኪሷ ላስቲክ አወጣች። በውስጡ አራት የታጠፈች ነጭ ቁራጭ ነበረች።

«ይህችን ዛሬ ጠዋት ከመኪናው እግር ሥር አወጣኋት። እናቴ ሰፊ ነበረች፤ ብናኙን ሳይጠርግ ዘይት የሚቀባ ሰፊ የለም። ጥርሱ ግን በብናኝ ተሞልቶ ነበር። ስለዚህ ጋሼ ማጽዳት አልጀመሩም፤ ማጠጫውን እጃቸው ላይ ያኖረው ሌላ ሰው ነው። ጨርቋ ከላይ ንጹሕ ናት፤ ከሥር ደም ነክቷታል። የገባችው ደሙ ከፈሰሰ በኋላ፣ ሳይደርቅ ነው። ሙት ጨርቅ አያጥፍም። ያስገባት፣ ሰው አጠገቡ ወድቆ እንኳ እጁ ልማዱን ያልተወ ነው። ከእናንተ መሀል እንዲህ ያለ እጅ ያለው አንድ ሰው ነው።»

«ፈቀደ?» አሉ እማማ አደሴ።

«መኪናውን ለማረሚያ ቤቱ ሴቶች መማሪያ ሰጠሁት አሉኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሃያ ዓመት ያጸዳሁት እኔ! ያንተ ነው ሲሉኝ ኖረው... ገፋኋቸው እንጂ ልገድላቸው አላሰብኩም፣ እማዬ።»

«እማዬ አትበለኝ። ቅዳሜ ማታ የት ቀሩ ስልህ ‹የሰርግ ልብስ ይዘው ሱቅ ያድራሉ› ብለህ እራቴን በላህ። እጅህን ያስታጠብኩህ እኔ ነኝ።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት በሩ ላይ ዞረ። «ዘይት ሳይነካው እንዳይዘጋ፤ ይዝጋል።»

የምርመራ ናሙናው ተወስዶ ሲያበቃ እማማ አደሴ ተነሡ። ፈቀደ ያጠፈውን ጨርቅ ከመኪናው እግር ሥር አውጥተው ጣሉት። ጥርሱን ጠረጉ፤ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ አደረጉበት። ሌላ ቁራጭ ቀደዱና እንዳመጣላቸው አጥፈው እግሩን በቀስታ አወረዱበት።

«ነገሩ ሲያልቅ ለሴቶቹ ይድረስ» አሉና ክዳኑን ደፉበት።