ምሳ የሚበላው ካርድ

ሶሂ ጠፋች። ካርዷ ግን ምሳውን ይበላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወደብ ከተማዋ የሙክሆ ዓሣ አድራቂ ታክ ዱሺክ እኩለ ቀን ሲደርስ ሥራውን አቁሞ የደረት ኪሱን በመዳፉ ይዞ ይቆማል። ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ባንኩ ነው። «ታክ ሶሂ፣ ካንግኑንግ፣ ሾርባ ቤት፣ ክፍያዎ ተፈጽሟል።»

ያኔ ዱሺክ ገበያውን ያናውጠዋል።

«ልጄ በላች!»

ባሕር ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ሳይቀሩ ሰዓታቸውን በእሱ ጩኸት ያስተካክላሉ ይባላል። አንዴማ ጩኸቱን ፈርታ አንዲት ስኩዊድ፣ ልትደርቅ የተሰቀለች ባለ ብዙ እግር የባሕር እንስሳ፣ ከመስቀያዋ ወርዳ ሮጠች፤ ያላየ ይጠይቅ።

ልጅቱ ካንግኑንግ ከተማ መነጽር መሸጫ ሥራ ስትይዝ ነበር ካርዷ ላይ የአባቷን ስልክ ቁጥር ያስመዘገበችው። «አባዬ፣ በላሽ ወይ እያልክ ደንበኛ ፊት አትደውልልኝ። ስበላ ካርዱ ይነግርሃል» አለችው። ነገረውም። ደስታም ነበር።

በመኸሩ ተጣሉ። ሶሂ ኪል ፓንሶክ የሚባል መርከበኛ ላግባ አለች። አባት እምቢ አለ። ስልክ ማንሳት ተወች፤ ከሥራዋም ቀረች። ዱሺክ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ፖሊሶቹ ካርዱን አዩ። ይሠራል። «ትልቅ ሰው ናት፤ አኩርፋ ነው፤ ምሳዋንም እየበላች ነው» ብለው ሸኙት።

የበረዶው ክረምት ገባ። ዱሺክ ተመልሶ መጣ። አሁን የተቀበለችው መርማሪ ናም ዮንሱክ ናት።

«ልጄ ጠፋች ልል አይደለም የመጣሁት» አላት፣ ኮፍያውን እያሸ። «የእናቷ ሙት ዓመት ደርሷል። ያለችበትን አግኝታችሁ ነይ በሏት። እኔ ብላት አትመጣም።»

«መልእክት ይጽፉላታል፣ አባት?»

«ሁሌ! አትመልስም እንጂ ትሰማኛለች። ብርድ ነውና ገንፎ ብዪ እላታለሁ፤ በነጋታው የሩዝ ገንፎ ቤት ትሄዳለች። ባለፈው ደግሞ...» ዓይኑ ረጠበ። «ባለፈው ተሸነፍኩ። ፓንሶክን አግቢው፣ ፈቅጃለሁ ብዬ ጻፍኩ። በነጋታው ከየት መልእክት ቢመጣ ጥሩ ነው? ከኬክ ቤት! ኬክ ገዛች! ደስ ብሏት ነው።»

ናም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ለምን እንደቆመ ያኔ አላወቀችም።

*

መነጽር ቤቱ ውስጥ የሶሂ ባልደረባ መስታወት እየወለወለች ነበር።

«ሶሂ? የካርድ ንግሥት ነበረች። ክሬዲት ካርድ ልናወጣ ስንል መጀመሪያ እሷን እንጠይቃለን። የቱ ለቡና ከተከፈለው ላይ ብዙ ገንዘብ እንደሚመልስ፣ የቱ ለአውቶቡስ፣ የቱ ለገበያ፤ ከባንኩ ሰዎች በላይ ታወዳድር ነበር። አምስት በመቶ ለሚመልስ ቡና ቤት በዝናብ መንገድ ታቋርጣለች። ባሏ የሚሆነውን ሰው ራሱ ተመላሹን አይታ ነው የመረጠችው እያልን እናሾፍባት ነበር።»

«ስንት ካርድ ነበራት?»

«ሦስት። ሁለቱ ምርጥ ናቸው፤ ቦርሳዋ ውስጥ። ሦስተኛው ግን... እንጃ። ስልኳ ሽፋን ውስጥ ሰክታ ለምሳ ብቻ ነው የምታወጣው። ለምሳ ምንም አይመልስም! ካርድ አዋቂዋ ሞኝ ካርድ ይዛለች ብለን ስንስቅባት፣ ይሄ የሚመልሰው ገንዘብ አይደለም አለችና ዝም አለች።»

ናም ራሷ አራት ካርድ አላት። ባሏ «የካርድ ሎሌ» ይላታል። ሕጉን ታውቀዋለች፤ በዚህ ወር በቂ ካልገዛህበት በሚቀጥለው ወር ተመላሽ የለም። ካርድ እንደ ከብት ነው፣ ካልቀለቡት አይታለብም።

ባንኮቹን ጠየቀች።

ሁለቱ ምርጥ ካርዶች ሶሂ ከሥራ ከቀረችበት ቀን ጀምሮ አልተነኩም። አንድ ቡና የለም። አንድ አውቶቡስ የለም። በሕይወት ያለው ሞኙ ካርድ ብቻ ነው።

ናም ወንበሯ ላይ ደገፍ አለች።

አባቷን ያኮረፈች ልጅ ስልክ ላታነሳ ትችላለች። ሥራዋን ልትተው ትችላለች። እንደ ሶሂ ያለች ሴት ግን ሁለት ምርጥ ካርዶች በረሃብ ሲሞቱባት ዝም አትልም።

ምሳውን የሚበላው ሶሂ አይደለችም።

*

ሾርባ ቤቱና ገንፎ ቤቱ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ወንድ ነው፤ ኮፍያና የአፍ መሸፈኛ ያደርጋል፤ አስጠቅልሎ ይወጣል። ናም ፓንሶክን ከወደብ አስመጣችው። ፊቱ በጨው ነፋስ ተሰነጣጥቋል።

«ሶሂ የታለች?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ተወችኝኮ! አባቷን መረጠች ብዬ ነው ባሕር የገባሁት።»

«በካርዷ ምሳ የገዛኸው አንተ ነህ?»

«የምን ምሳ? ከመኸር ጀምሮ መርከብ ላይ ነኝ። የወረድኩት ትናንት ነው። ካፒቴኑን ጠይቂ።»

ካፒቴኑ ተጠየቀ። እውነት ነው።

«አባትየው መፍቀዱን እንኳ አልሰማህም?»

ፓንሶክ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ፈቀደ?»

«መልእክት ጻፈላት። ማግስቱን ኬክ ተገዛ።»

«ፈቅዶላት... ለእኔ አልነገረችኝም?» አለ። ከዚያ የናምን ፊት አየና ገባው። ያ በማዕበል ያላለቀሰ ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

*

የሶሂ ስልክ ያለው ሌላ ሰው እጅ ነው ብላ ናም አሰበች። ስልኩ ቢቆለፍም የሚመጣው መልእክት መስታወቱ ላይ ይነበባል። ሽፋኑ ውስጥ ካርዱ አለ። የሾርባ ዋጋ የይለፍ ቁጥር አያስጠይቅም። እስከዚህ ቀላል ነው። ካርድ የሰረቀ ሰው ግን ወርቅ ገዝቶ ይጠፋል። ይሄኛው አባት ያዘዘውን ይገዛል። ምሳ ካልተገዛ አንድ ሽማግሌ እንደሚጨነቅ ያውቃል።

«አባት፣ ካርዷ መልእክት እንደሚልክልዎ ለማን ለማን ነግረዋል?»

«ለማን ያልነገርኩት አለ? ለገበያው፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለጥርስ ሐኪሙ አፌን ከፍቼ ሳለሁ ጭምር። ምነው?»

ናም ልትነግረው አፏን ከፈተች። አልቻለችም። ፖሊስ ናት፤ ማስረጃ የላትም፤ ያላት የካርድ ጠባይ ነው።

«አንድ መልእክት ይጻፉልኝ» አለችው።

ዱሺክ በወፍራም ጣቱ ጻፈ። «ሶሂዬ፣ ነገ የእናትሽ ሙት ዓመት ነው። አውቶቡስ ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ቤት የፖላክ ዓሣ ሾርባ ብዪ። እሷ የምትወደው ነው።»

ከዚያ ቀና ብሎ «እኔም እሄዳለሁ» አለ።

«አይሆንም፣ አባት።»

«ልጄን ላያት ነው። ማን ነው አይሆንም ባይ?»

*

በማግስቱ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ መጣ። አዝራሩ ጠብቦት አልተቆለፈም። በጋዜጣ የጠቀለለውን ምርጥ ደረቅ ዓሣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ከትልቁ ማቀዝቀዣ ጀርባ። ናም አጠገቡ።

«ሁለት ሾርባ» አለ።

ባለ ሾርባ ቤቷ ናምን አየቻት። «አንዱ ለዚችኛዋ ነው?»

«እሷ ሥራ ላይ ናት። አንዱ የልጄ ነው።»

ሾርባው መጣ። የሶሂን ማንኪያ በሶፍት ወልውሎ ሳህኑ አጠገብ አስተካከለ። ናም ግድግዳውን አየች።

በሩ ተከፈተ። ብርዱ ገባ፤ ተከትሎት አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ገባ። አቀርቅሮ ነው። «አንድ ፖላክ ሾርባ፣ ይጠቅለልልኝ» ብሎ ካርድ ዘረጋ።

ዱሺክ አንገቱን አወጣ። ፊቱ በራ።

«ቺልጉ! አንተ ቺልጉ!»

ማ ቺልጉ ነው። የዱሺክን ዓሣ ከሙክሆ ካንግኑንግ የሚያመላልሰው ባለ ጭነት መኪና። በየሳምንቱ ግቢው የሚገባ፣ «ጋሼ፣ ሰውነትዎን ይጠብቁ» የሚለው ቺልጉ።

«ና ተቀመጥ! ልጄ እየመጣች ነው!»

ቺልጉ ደርቆ ቀረ። ማሽኑ ግን ሥራውን አላቆመም፤ ደረሰኙን ተፋ።

የዱሺክ ደረት ኪስ ተንቀጠቀጠ።

አወጣው። አነበበ። «በላች!» አለ ከልማዱ። ከዚያ በሩን አየ። ማንም የለም። መልእክቱን ደግሞ አነበበ፤ የቤቱን ስም ግድግዳው ላይ ካለው ጋር አመሳከረ። ከዚያ ቀስ ብሎ የቺልጉን እጅ አየ። ካርዱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቢጫ የዓሣ ምስል ተለጥፎበታል። ሶሂ ናት የለጠፈችው።

«ቺልጉ» አለ። ገበያ የሚያናውጠው ድምፅ የለም። «ልጄ የታለች?»

ቺልጉ ተንበረከከ።

*

«መንጃ ፈቃዴ በመጠጥ ተነጥቆ ነበር» አለ፣ ጣቢያው ውስጥ። «ተደብቄ ነው የምነዳው። ከመነጽር ቤቱ ጀርባ መኪናውን ወደ ኋላ ስመልስ አላየኋትም።»

«ትተነፍስ ነበር?» አለች ናም።

ቺልጉ ወለሉን አየ።

«ቺልጉ፣ ትተነፍስ ነበር?»

«ጋሽ ቺልጉ አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች።»

«አምቡላንስ ለምን አልጠራህም?»

«መኪናዬን ይወስዱታል ብዬ። እስር ቤት እገባለሁ ብዬ። ፈራሁ፤ ሌላ ምንም የለውም። እናቴ ማሳ ላይ ወስጄ ቀበርኳት።»

«ካርዱስ? ፖሊስ እንዳይፈልጋት?»

«ይሄንን አላሰብኩትም።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «በማግስቱ ዓሣ ልጭን ጋሼ ግቢ ገባሁ። ገና ሲያዩኝ፣ ቺልጉ፣ ዛሬ መልእክት አልመጣም፣ ልጄ ሳትበላ ዋለች አሉኝ። ስልኳ መኪናው ውስጥ ነበር። ሄጄ ሾርባ ገዛሁ። በማግስቱም እኩለ ቀን ሆነ። እኩለ ቀን እኮ በየቀኑ ነው የሚመጣው።»

ከምርመራ ክፍሉ መስታወት ማዶ የቆመው ዱሺክ በሩን ከፍቶ ገባ። የከለከለው የለም።

«ለካ ስመግብ የከረምኩት አንተን ነው» አለው።

«አንዱንም አልቀመስኩም፣ ጋሼ። ሁሉንም ለእሷ ወስጄላታለሁ።»

*

ማሳው ውስጥ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ አለ። ሥሩ ላይ የሾርባ ዕቃ በዕቃ ላይ ተደርድሯል፣ አንዳንዱን አውሬ ገልብጦታል። ፖሊሶቹ አፈሩን ሲቆፍሩ ዱሺክ ዕቃዎቹን እያነሳ አየ። ይሄ ገንፎው ነው። ይሄ የባሕር አረም ሾርባ ብዪ ያላት ነው። በትክክል ያዘዘው ሁሉ አለ። ልጁ ታዛዥ ነበረች።

ዳር ላይ ሪባኑ ያልተፈታ የኬክ ሳጥን አገኘ። በረዶ ሠርቶበታል። አንስቶ አራገፈውና ወደ ፓንሶክ ሄደ።

«ፈቅጄ ነበር» አለው። «ያዝ። የእናንተ ነው።»

ፓንሶክ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቀፈው።

የካርዶቹን ነገር ናም ለዱሺክ ነገረችው፤ ሶሂ ሁሉንም አወዳድራ፣ በጣም የሚመልሰውን እያወቀች፣ ለምሳ ምንም የማይመልሰውን የመረጠችው የሁለተኛ ሰው ስልክ ላይ መልእክት የሚልክ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ዱሺክ የደረት ኪሱን በመዳፉ ያዘ። ከዚያ «እኔ ደግሞ የተጣላችኝ መስሎኝ» አለ።

እኛ የሙክሆ ሰዎች ስንገናኝ ሰላምታችን «ምሳ በላህ?» ነው። ዘንድሮ ግን የዱሺክ መስቀያ ጋ ስንደርስ ሰላምታውን እንውጠዋለን። እኩለ ቀን ሲሆን ሥራውን ያቆምና የደረት ኪሱን በመዳፉ ይዞ ይቆማል። ባለ ስኩዊዶቹ ቢላቸውን ያስቀምጣሉ። ስልኩ አይንቀጠቀጥም። ትንሽ ይጠብቃል።

ከዚያ እጁን አውርዶ ዓሣውን ማገላበጡን ይቀጥላል።