ጆሮ ያላት መርከብ

«ማናዬ ቤት የገባ ሠራተኛ በእግሩ አይወጣም።»

ጋሽ ዳኜ ይህን ሲል ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ሲና መቁጠር ትታለች። ሰኞ ዕለት አልወጣም የተባለው አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ረቡዕ ቧንቧ ሠራተኛውና ቀለም ቀቢው ሆኑ። ዛሬ ዓርብ፣ አሮጌዋ ፊያት እያቃሰተች ወደ ብስራተ ገብርኤል ስትጠጋ፣ አንድ አናጢ ተጨምሮባቸዋል።

«ነገ ደግሞ ቄስ ይጨምሩበት፣ ጋሽ ዳኜ።»

«ሳቂ አንቺ! ያቺን ምላስሽን ግን በር ላይ ትተሻት ግቢ።»

አልሳቀችም። በአንሶላ የተጠቀለለችውን መርከብ ጭኗ ላይ አስቀምጣ መዳፏን በቀሚሷ ትጠርጋለች። ላቡ አልደርቅ አላት።

ጋሽ ዳኜ የሚያውቃት ሀና ማርያም ባለው የሬድዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቁ የቀጠራት፣ ማንም ሳያስተምራት ሬድዮ እየፈታች የተማረች፣ ምላሷ ከካውያ የሚያቃጥል ልጅ መሆኗን ነው። ስሟ ሲና አለመሆኑን አያውቅም። የላካት የስለላ መሥሪያ ቤት «መርፌ» እያለ እንደሚጠራትም አያውቅም።

ማናዬ በመለዋወጫ አስመጪነት ይታወቃል። በድብቅ ግን ምስጢር የሚሸጡለትን ሰዎች ለጠላት ይገዛል። ከድንበር ማዶ፣ በጠላት ጦር ውስጥ ተቀምጦ ለሲና መሥሪያ ቤት ወሬ የሚልክ «ደብተራ» የሚባል ሰው አለ። እውነተኛ ስሙ ያለው በአንዲት የታሸገች ፖስታ ውስጥ ብቻ ነው። ፖስታዋ ባለፈው ወር፣ በየካቲት፣ ከመዝገብ ቤት ተሰረቀች። ማን እንደሰረቃት አልታወቀም። ማናዬ እጅ ከገባች ግን ሰውየው ሳምንት አይቆይም።

እንዲህ ያለ ሰው ቤት እንዴት ይገባል? በአመሉ በኩል።

ማናዬ ከውጭ የሚያስመጣቸውን የፕላስቲክ የጠፈር መርከቦች በገዛ እጁ እየገጣጠመ ሳሎኑ ውስጥ ይደረድራል። ትልቋን፣ ክንድ ተኩል የምትረዝመውን፣ «መብራትና ድምፅ ግጠሙልኝ» ብሎ ወደ ሱቁ ካመጣት ሦስት ሳምንት ሆነው።

ሲና የመርከቧን መስኮቶች በጋለ መርፌ አንድ በአንድ በሳች። በየቀዳዳው የዓሣ ማጥመጃ ክር አስገባች፤ ክሩ ከሆዷ ያለውን ብርሃን እየሳበ በየመስኮቱ ያወጣዋል። ብርሃኑ በገላዋ እንዳይሾልክ ውስጧን ጥቁር ቀባቻት። ለሞተሩ ድምፅ ከተሰበረ የመጫወቻ ፖሊስ መኪና ሳይረኑን ነቀለች። አንዲት ሬዚስተር፣ የኤሌክትሪኩን ጉልበት የምትገታ ትንሽ ዕቃ፣ ስትቀይርለት ያ ቀጭን ኡኡታ እንደ አንበሳ ጉሮሮ ወፈረ።

አለቃዋ መኩሪያ፣ በምስጢር ስሙ «አጎት»፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ግራጫ ሳጥን ሰጥቷት ነበር። ድምፅ ማስተላለፊያ ናት። «ግጠሚያት። አትንኪያት» አላት።

ነካቻት። ሳጥኗ ሙት ነበረች።

የሞተ ዕቃ «ሠርቻለሁ» ብሎ ማስረከብ በሲና ደም ውስጥ የለም። ከተጣለ ሬድዮ የራሷን ማስተላለፊያ ሠራች። ማይክራፎን እንኳ አላስፈለጋትም፤ የስፒከር ሽቦውን ገልብጠው ቢያስሩት፣ ሲናገር የኖረው መስማት ይጀምራል። መርከቧ የምታገሳበት ጉሮሮ ዝም ሲል ጆሮ ሆነ። ግራጫዋን ሳጥን ለመልክ እዚያው ተወቻት። ለአጎት አልነገረችውም። ሠርታ፣ አሰምታ፣ አፉን ልታስይዘው ነበር። ኩራት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

የብረቱ በር ተከፈተ። ዘበኛው ቦርሳዋን በረበረ፦ የሽቦ መበየጃ ካውያ፣ ፒንሳ፣ ጠርሙስ ቲነር።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቲነር። ልትጠጣው ነው?»

አሳለፋት። ጋሽ ዳኜ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ሳሎኑ መጋረጃው ተዘግቶ ጨልሟል። መርከቧን ጠረጴዛው ላይ አቁማ፣ ሶኬት ሰክታ፣ ከሆዷ ስር ያለችውን ቁልፍ ተጫነች። መስኮቶቿ ሁሉ በሩ። አገሳች። ማናዬ፣ ያ ፂሙን የሚያበጥር ወፍራም ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን አጨበጨበ።

«ኩሽና ጠብቂ» አላት። «እንግዳ አለብኝ። እሱ ፊት ብታሳፍሪኝ ወዮልሽ!»

ኩሽና ውስጥ ቀመሪያ የምትባል ወጥ ሠሪ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ምነው ትንቀጠቀጫለሽ?»

«ብርድ ነው።»

«በመጋቢት?» ቀመሪያ ከት ብላ ስቃ ባልዲዋን አንስታ ወደ ውጭ ወጣች።

የመርከቧን ጆሮ የምትቀበለው የሲና ትንሽ ሬድዮ ከቀሚሷ ስር አለች። ሽቦው በሻሿ ውስጥ አልፎ ጆሮዋ ይገባል። መጀመሪያ ፉጨት ሰማች። ከዚያ የወንበር መንቋቋት። ከዚያ ሳል።

ሳሉን ታውቀዋለች።

«ማህተሙ እንዳለ ነው» አለ እንግዳው። «እኔም ራሴ ስሙን አላየሁትም።»

አጎት ነበር።

የከሰል ማንደጃውን ጠርዝ ያዘች፤ ትኩስ መሆኑ የታወቃት ዘግይቶ ነው።

«ልጅቷስ?» አለ ማናዬ።

«የሰጠኋት ሳጥን ሙት ነው፤ ክፍልህ ደንቆሮ ነው። ግን ሥራው ከሽፏል ተብሎ እንዲዘጋ እሷ ከዚህ መውጣት የለባትም።»

«ያመጣት ሰውዬስ?»

«እሱም።»

«ይሁን። ፓስፖርትህ ተዘጋጅቷል። ፖስታውን ከመክፈቴ በፊት ግን እቺን መርከቤን እያትማ!»

ከዚያ ግሳቷ መጣ፤ ሌላ ምንም አልተሰማም።

የጓሮው በር ክፍት ነው። አጥሩ ዝቅተኛ ነው። መሮጥ ትችላለች።

ፖስታዋ ግን አልተከፈተችም። ገና።

ኮሪደሩ ላይ ቆጣሪ አለ። ፊውዙን ነቀለችው። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ጆሮዋም እንዲሁ። መርከቧ መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሷ አትነሳም፤ ቁልፏ እንደገና መጫን አለባት። ይህን ለማናዬ አልነገረችውም። እስከ ሃያ ቆጥራ ፊውዙን መለሰችው።

«አንቺ ልጅ!» ጩኸቱ ግድግዳ አንቀጠቀጠ። «ነይ እስቲ! አሳፈርሽኝ እኮ!»

በሩ ላይ ስትደርስ የአጎት ሹክሹክታ ተሰማት፦ «መርከቧን ተዋት፤ ልጅቷን ጨርሳት።»

«መጀመሪያ ታስተካክልልኝ!»

ገባች። ፖስታዋ ከመርከቧ መቆሚያ ስር ተሸጉጣለች፤ ቀይ የሰም ማህተሟ አልተነካም። አጎት እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። አይኗ አይኑ ላይ አላረፈም።

«እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ» አላት፣ አይቷት እንደማያውቅ ሰው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ።»

ካውያዋን ሰካች። ካውያ እስኪግል ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ሁለት ደቂቃ እንዲህ እንደሚረዝም ማን ያውቃል? የመርከቧን ሆድ ከፈተች። «ሙጫው ቆሽሿል» ብላ ቲነሩን አፈሰሰች። በሆዷ። በመቆሚያው። በፖስታዋ ላይ።

«ቀስ! ቀስ በይ እንጂ!» አለ ማናዬ።

አጎት ወደ ፊት አጎነበሰ። ግራጫዋ ሳጥን ሽቦዋ ተቆርጦ ተንጠልጥላለች። ከስፒከሩ የተነሳው ሽቦ ግን ወደማያውቀው ሌላ ነገር ይሄዳል።

ፊቱ ነጣ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጆሮ ነው፣ ጋሼ። ያንተዋ ሳጥን ሙት ነበረች።»

ሁለቱን የሽቦ ጫፎች አነካካቻቸው። ብልጭታ ዘለለ፤ መርከቧም አገሳች።

እሳቱ ቦግ ብሎ ተነሳ። ማናዬ «መርከቤን!» እያለ በኮቱ ይመታታል፤ ፖስታዋን አልፈለጋትም፣ መርከቧን እንጂ። አጎት እጁን እሳቱ ውስጥ ሰደደ። ሰሙ ጣቱ ላይ ቀለጠ፤ ወረቀቱ በእጁ ውስጥ አመድ ሆነ። በግራ እጁ የሲናን ክንድ ጨበጠ።

የጋለውን ካውያ አንጓው ላይ ለጠፈችው።

ከኋላዋ የመርከቧ ሬዚስተር ተቃጠለች። ግሳቱ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ እንደ ቀድሞው ኡኡታ ሆነ። ዘበኛው ጩኸቱን ሰምቶ ወደ ሳሎን ሮጠ። እሷ በጥቁሩ ጭስ ውስጥ ተጎንብሳ ዘበኛው ክፍቱን በተወው የብረት በር ወጣች።

«ምንድነው ጭሱ?» አለ ጋሽ ዳኜ።

«ይንዱት! ይንዱት በማርያም!»

ፊያቷ ተነስታ ነበር። ከኋላቸው አንድ ጥይት ተተኮሰ፤ የኋላው መስታወት ረገፈ። ጋሽ ዳኜ «እህ» ብቻ አለ። መሪውን አልለቀቀም። ላፍቶን አለፉ። አላወራም፤ ጋሽ ዳኜ የማያወራው ሲተኛ ብቻ ነው። ሲና ቀና ብላ ስታየው ሸሚዙ ከወገቡ በታች በደም ቀልሟል።

«ያቁሙት! ጋሽ ዳኜ፣ ሐኪም ቤት!»

ሀና ማርያም ሳይደርስ ጥግ አስይዞ አቆመ። እንደ ሁልጊዜው የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

«መርከቧ ማናዬ ፊት ጮኸች?» አላት።

«ጮኸች፣ ጋሽ ዳኜ።»

«እኔ እኮ... አይሆንልሽም ብዬ ነበር» አለ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር።

ማን እንደሆነች ሳያውቅ ሞተ።

ከአንድ ሱቅ ስልክ ደወለች። ከአጎት በላይ ያለው ሰው ብቻ የሚያነሳው ቁጥር ነው።

«መርፌ ነኝ። ፖስታዋ ተቃጥላለች። ሻጩ አጎት ነው፤ ግራ እጁን ተመልከቱ።»

«የት ነሽ?»

«አንድ ሰው መኪና ውስጥ አለ። ለቤተሰቡ አድርሱት።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲያ ሲና የምትባል ልጅ የለችም።

ግንቦት ላይ፣ ጅማ፣ አንዲት ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ብዙ አትናገርም። የአከራይዋ ሬድዮ ሲበላሽ «አላውቅበትም» አለቻት። ከኋላዋ በር ሲከፈት ትከሻዋ ይሸማቀቃል።

አንድ ቀን ጠዋት ደምሰው መጣ። ከመሥሪያ ቤቱ ነው፤ አንድ ወረቀት ዘረጋላት።

«ሁለት ኮፒ» አለ። ማሽኑ ሲጮኽ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጎት አየር ማረፊያ ተይዟል። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ። ማናዬም ታስሯል።»

«ጋሽ ዳኜስ?»

«ሀና ማርያም ተቀበረ። ሚስቱ ማን እንደገደለው ትጠይቃለች። ምን እንበላት?»

ወረቀቶቹን አስተካክላ አቀበለችው።

«ደብተራ ተረፈ አይደል?» አለችው። «ቢያንስ እሱ።»

ደምሰው ኮፒዎቹን አጥፎ ኪሱ ከተታቸው። ለመውጣት ዞረ። ከዚያ ቆመ።

«ትናንት ከድንበር ማዶ ሰው መጣ» አለ። «ደብተራ የሞተው በጥር ነው። ወባ። ያኔ ፖስታዋ ገና መዝገብ ቤት ነበረች።»