በምላሱ የፈተነው አጥንት

እየበላችሁ የምታነቡ ካላችሁ ሳህኑን ራቅ አድርጉት። ኋላ እኔን እንዳትረግሙኝ።

የቻናሉ ቤተሰቦች፣ ይሄ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የነካሁት ነው። የነካሁበትን እጄን እስከዛሬ በረኪና ውስጥ እየዘፈዘፍኩ አጥበዋለሁ።

ረቡዕ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ነፋስ የለ... ጠራራ ፀሐይ።

የምሠራው ጥንታዊ ከተማ በሚቆፈርበት ቦታ፣ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ከመሬት የወጣውን ስብርባሪ እኔ በጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ። አጎቴ ደግሞ ይሄ ሸክላ፣ ይሄ ድንጋይ፣ ይሄ አጥንት እያለ ይለያል። ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝም እሱ ነው። ከእሱና ከሚስቱ ሌላ ሰው የለኝም።

የሚለይበት ዘዴ ግን... ኡፍ!

ይልሰዋል።

እውነቴን ነው። የቆየ አጥንት ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ምላስ ላይ ይጣበቃል። ድንጋይ አይጣበቅም። የድሮ ቆፋሪ ሁሉ ያውቀዋል። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሙታን አጥንት ሲልስ ኖሯል። በሥራ ቦታ "ላቦራቶሪው" እያሉ ይጠሩታል። እኔ ደግሞ ሰው በጠጣበት ብርጭቆ ውሃ የማልቀምስ ሰው ነኝ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምሳ ለመብላት ወራት ፈጅቶብኛል።

"ሙሽራው፣ ዛሬም ተጸየፍከኝ?" ይለኛል እየሳቀ።

"ጋሼ፣ በሞቴ አፍህን ተጉመጥመጥ።"

"ምላስ አጥንት የለውም ይላሉ... የኔን ስላላዩ ነው!"

ያን ቀን ጠዋት ቆፋሪዎቹ አንድ ማሰሮ አመጡልን። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። አፉ ተደፍኗል። አንዴ ብቻ አይደለም... ሰም፣ ከላዩ ጭቃ፣ እንደገና ሰም፣ እንደገና ጭቃ። ሰባት ድርብ ቆጠርኩ። አለቃችን "እኔ ሳልመለስ እንዳትከፍቱት" ብላን ስብሰባ ሄደች።

እኔ ነኝ መስኮቱ ሥር ያስቀመጥኩት። ፀሐይ እንደሚያገኘው አላሰብኩም። ይሄን ጥፋቴን ማንም አያውቅም፤ ዛሬ ለእናንተ ተናገርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰሙ ቀልጦ ቡናማ ቅባት ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ።

"ጋሼ... እየፈሰሰ ነው።"

"እንግዲያው ይከፈታ።"

"አለቃ አትክፈቱ ብላለች እኮ።"

"ፈስሶ ካለቀ በኋላ ምን ልናሳያት ነው? ባዶ ማሰሮ?"

ክዳኑን አነሳው።

ሽታው! ሳይታጠብ የከረመ የሕፃን ጡጦ ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ይሻላል።

ውስጡ እስከ አንገቱ ቅባት ነው። ጓንት አድርጌ እጄን ከተትኩ። ሞቅ ይላል። ፀሐዩ ነው ብዬ ተጽናናሁ። እጄ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ግን ይበልጥ ይሞቃል... ፀሐይ ያላየው ቦታ።

ከሥሩ ትንንሽ ነገሮች ለቅሜ ሰሃን ላይ ደረደርኳቸው። ዐሥራ ሁለት ናቸው። ቡናማ፣ ተፈግፍገው ያለቁ። አንዱ ላይ ክር የሚያህል ሥጋ ተንጠልጥሏል።

እርጥብ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ዓመት የቆየ ሥጋ እንዴት ይረጥባል?

"ጋሼ፣ ይሄን እንኳ ተወው። በእናትህ።"

አልሰማኝም። ሥጋ ያለበትን አንስቶ ምላሱ ላይ አስቀመጠው።

ተጣበቀ።

አጎቴ በዓይኑ ሳቀብኝ። ሊያነሳው ሲስብ ግን ምላሱ አብሮ ተሳበ። እንደገና ሳበ... ሳቁ ጠፋ። በሁለት ጣቱ ጨምድዶ ሲጎትተው ጧ ብሎ ተላቀቀ። ሥጋው ግን አብሮት አልነበረም።

አጎቴ ምራቁን ዋጠ።

"ይጣፍጣል" አለ በሹክሹክታ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ውጭ ወጥቼ ምሳዬን በሙሉ አስመለስኩ።

በነጋታው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አክስቴ ደወለች።

"ልጄ፣ ቶሎ ድረስልኝ... አጎትህ አፉን አልከፍትም ብሎኛል።"

ስደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አፉን በመዳፉ ይዟል። ክፍሉ ያንን ሽታ፣ የማሰሮውን ሽታ ይሸታል።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ። እስቲ ልየው።"

እጁን አነሳ። ከፈተ።

ከጥርሶቹ ኋላ ሌላ ጥርስ በቅሏል። ቡናማ። ተፈግፍጎ ያለቀ። ስድስት ከላይ፣ ስድስት ከታች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰሃን ላይ በእጄ የደረደርኩት ለካ የሰው ጥርስ ነው!

"ያኝካሉ" አለ እንባው እየወረደ። "እኔ ዝም ብዬ... እነሱ ያኝካሉ።"

"ምን ያኝካሉ ጋሼ?"

ምላሱን አወጣልኝ። ጫፉ የለም። ጠርዙ ዙሪያውን ተበልቷል። እያየሁት እንኳ የታችኞቹ ቀስ ብለው ተነቃነቁ። አክስቴ "ኧረ የሰው ያለህ!" ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ሐኪም ቤት እንሂድ" አልኩ።

"እስክንደርስ ምንም አይተርፈኝም። ፒንሳ አምጣ... አንተው አውጣልኝ።"

ሰው የጠጣበት ብርጭቆ የማልነካው እኔ እጄን አጎቴ አፍ ውስጥ ከተትኩ። ምን ላድርግ? ሌላ አባት የለኝም።

የመጀመሪያው ብዙም ሳልስበው ወጣ። ቅቤ ላይ እንደተሰካ ክብሪት ነው። ደም የለውም። ከቀዳዳው ቡናማ ቅባት ተንፎለፎለ፣ ጣቶቼ መሃል ገባ፣ ሞቀኝ። አክስቴ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ግድግዳውን እያየች ታለቅስ ነበር። አንድ... ሁለት... ዐሥራ ሁለቱንም ነቀልኩ።

አጎቴ እፎይ ብሎ እጄን ያዘና ሳመኝ። የምወደው ሰው ሲስመኝ እኔ ልቤ ተነሥቶ ፊቴን አዞርኩ። እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

የነቀልኳቸውን ጥርሶች ይዤ ወደ ማጠቢያ ክፍል ከነፍኩ። ትናንት የደረደርኩበት ሰሃን ባዶ ነው። የማሰሮው ቅባት ግን ከትናንቱ ከፍ ብሎ እስከ አፉ ሞልቷል። ጥርሶቹን ጨመርኩ፣ ሻማ አቅልጬ ደፈንኩት፣ በመኪና ይዤው ወደ ቁፋሮው ሄድኩ። አለቃ ብታባርረኝ ታባርረኝ! ከወጣበት ቦታ ልመልሰው ቆርጫለሁ።

ቀትር ላይ ነው። ቆፋሪዎቹ ምሳ ሄደዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ። ማሰሮው ተቀምጦበት የነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ እዚያው አለ፤ ገና አላነሡትም። እኔ ግን ማሰሮው በጣም እንዲጠልቅ፣ ከድንጋዩም ሥር እንዲገባ ፈለግሁ። በዲጂኖ ፈልቅቄ ገለበጥኩት።

ከሥሩ ሰዎች አሉ።

ዘጠኝ አጽም። ክብ ሠርተው፣ ተንበርክከው፣ ፊታቸውን ወደ መሃል አዙረው።

ከአፍንጫ በታች ፊት የላቸውም። የላይኛው መንጋጋ የለ፣ የታችኛው የለ። የተቆረጠበት ቦታ እንደ ሳንቃ ጠርዝ ልሙጥ ነው።

ማን ነው እንዲህ የጨከነባቸው አልኩ። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን አየሁ።

እያንዳንዱ እጁ ውስጥ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ተደርጎ የተሳለ ድንጋይ ጨብጧል። የየራሱን። ጣቶቻቸው ገና አልለቀቁትም።

ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት።

"ልጄ..."

"አክስቴ? ምነው?"

"ተመልሰው በቀሉ።"

"ስንት ናቸው?"

"ምኑን ልቁጠረው... አፉን ሞልተውታል።"

ከኋላዋ ብረት ብረት ላይ ሲወድቅ ይሰማል። አንድ ሰው ዕቃ እየበረበረ ነው።

"ምንድን ነው የሚንኳኳው?"

"አጎትህ ነው። መናገር አልቻለም... ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ።"

"ምን ይላል?"

ጉድጓዱ ውስጥ፣ ዘጠኙ መሃል ቆሜ ጠበቅኩ።

"መጋዙ የት ነው ይላል።"