ፔዳሉን ያሰረው ገመድ

ፈርገስ ደንሞር ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በዋራንዲ ባሕር ዳርቻ፣ ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውኃ ውስጥ ነበር። አንድ ሰው የሚይዘው ጠባብ ጀልባው፣ ካያኩ፣ አጠገቡ ተገልብጧል። ካያኩን በእግር የሚያስኬደው ፔዳል፣ ወደ አራት ኪሎ የሚመዝነው ብረት፣ በሰማያዊ ገመድ ከመቀመጫው ጋር ታስሮ አሸዋው ላይ ወድቋል። የገመዱ ጫፍ እንዳይተረተር በቢጫ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ከሟቹ ግራ ጆሮ ጀርባ ጥልቅ ቁስል ነበር።

ከሳጅን ኢመልዳ ክሬስ ጋር የመጣው ፖሊስ ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው፤ ሰውዬው ወደ ዳር ሲገባ ማዕበል ገለበጠው፣ ገመዱ ላይ የሚወዛወዘው ፔዳል ጭንቅላቱን መታው፣ በቃ። ለኢመልዳ ግን አልተዋጠላትም። ከሁለት ዓመት በፊት ጆኤል ቱሂ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት እዚሁ ቦታ፣ በዚሁ ዓይነት አደጋ ሲሞት መዝገቡን በአንድ ቀን የዘጋችው እሷ ናት። ያ ችኰላ ዛሬም እንቅልፍ ይነሳታል። እኛ «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» የምንለውን እሷ የተማረችው ከገዛ ጥፋቷ ነው።

ማዕበል በሚሰበርበት ዳርቻ ፔዳል ጠላት ነው። ክንፎቹ ከካያኩ ሆድ ሥር ስለሚወጡ አሸዋ ከነኩ ይሰበራሉ። ስለዚህ ወደ ባሕር ሲወጡም ሆነ ሲመለሱ ነቅለውት ማዕበሉን በመቅዘፊያ ያልፉታል። ሞትና ሕይወት ያለው የተነቀለው ፔዳል ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል ወይስ በገመድ ይንጠለጠላል በሚለው ላይ ነው።

ኢመልዳ የካያኩን የፊት ሣጥን ከፈተች። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተቆልፎ ስለነበር ካያኩ ሲገለበጥ ውኃ አልገባበትም። ውስጡ በፔዳሉ ቅርጽ የተቆረጠ ስፖንጅ ተነጥፏል። ጣቷን ሰደደችበት። ፔዳሉ የሚያርፍበት ጕድጓድ ርሷል፤ ዙሪያው ግን ደረቅ ነው። ክዳኑን መለሰችው።

በዚያ ሰዓት ዳርቻው ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሬሳውን ያገኘው ዴዝመንድ ፒም የሟቹ የሠላሳ ዓመት የዓሣ ማጥመድ ጓደኛ ነው። ግሌንዳ ሻሮክ ከዳርቻው በላይ የመንጠቆና የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ አላት። ዋሪክ ቱሂ ደግሞ የጆኤል ታላቅ ወንድም ነው፤ ወንድሙ በሞተ በማግሥቱ፣ ቀብሩን እንኳ ሳይቆም፣ በምዕራብ በኩል ወዳለ ማዕድን ማውጫ ሄዶ የተመለሰው ገና ባለፈው እሑድ ነበር። ኢመልዳ ሦስቱንም ለየብቻ አነጋገረች፤ ለሦስቱም ያቀረበችው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ፈርገስ የነቀለውን ፔዳል የት ያስቀምጣል?

«ሣጥን ውስጥ ነዋ፣ ልጄ» አላት ዴዝመንድ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «ሌላ የት ይቀመጣል?»

ግሌንዳ ላይ ጥርጣሬው ከባድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰው እየሰማ ፈርገስን «አንድ ቀን በእጄ አሰጥምሃለሁ» ብላዋለች፤ አልካደችም። ፔዳሏን ሳትነቅል ወደ ዳር በመግባቷ ፈርገስ ከሚመራው የካያክ ክለብ ሦስት ወር አግዷት ነበር።

«የክለብ ሊቀ መንበር ሳይሆን የትራፊክ ፖሊስ ነበር» አለች። «ፔዳል ሣጥን ውስጥ ካልገባ ይጮኻል። ገመድ ካየ ደግሞ ያብዳል። ልንገርሽ አይደል፣ ጠልቼው ነበር። ግን እንደሱ የሚጠነቀቅ ሰው የለም።»

ዋሪክ በእርጋታ መለሰ። «ገመድ ላይ ነዋ። ከመቀመጫው ኋላ ታስሮ። ሁላችንንም እንደዚያ ያስተማረን ራሱ ፈርገስ ነው።»

ኢመልዳ ወደ ጣቢያ ሄዳ አንድ የቆየ መዝገብ ካገላበጠች በኋላ፣ ከቀትር በኋላ ሦስቱን በክለቡ የጀልባ መጋዘን ሰበሰበቻቸው።

«ፈርገስን የገደለው ማዕበል አይደለም» ብላ ጀመረች። «ዛሬ ጠዋት ፔዳሉን ባሕር ላይ ነቅሎ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦታል፤ ስፖንጁ የራሰው ፔዳሉ ባረፈበት ብቻ ነው። እንግዲህ በሰላም ገብቷል ማለት ነው። ያወጣው ዳር ከደረሰ በኋላ ነው። ዴዝ፣ አንድ ሰው ሲገባ ዳር ያለው ሰው ምን ያደርጋል?»

«ሮጦ የካያኩን አፍንጫ ይይዝለታል» አለ ዴዝመንድ። «የሚገባው ደግሞ አሸዋ እንዳይነካው በመጀመሪያ ፔዳሉን ከሣጥኑ አውጥቶ ያቀብለዋል፤ ክዳኑንም መልሶ ይቆልፋል።»

«አቀበለው። የተቀበለውም በዚያው በፔዳሉ መታው። ከዚያ ካያኩን ገልብጦ ፔዳሉን በገመድ አሰረው፤ አደጋ እንዲመስል። ዴዝ፣ እዚህ ክለብ ውስጥ ገመድ የሚያገኘው ማነው?»

«ማንም አያገኝም» አለ ዴዝመንድ። «ከጆኤል ቀብር ስንመለስ ፈርገስ የሁላችንንም ገመድ ለቅሞ እዚሁ ደጃፍ ላይ አቃጠለው። ሲያለቅስ ነበር።»

ዋሪክ ቀና አለ። ይህን አያውቅም ነበር።

«ግሌንዳና ዴዝ ሰው ቢገድሉ በገመድ አያስሩም» አለች ኢመልዳ። «ፈርገስ ገመድ እንደማይነካ ያውቃሉ። ያላወቀው ሁለት ዓመት ያልነበረው ሰው ነው። ደግሞ ከዚያ እሳት የተረፈ አንድ ገመድ ነበር፤ በጆኤል ሞት ኤግዚቢት ሆኖ ጣቢያ የተቀመጠው። ሰማያዊ፣ ጫፉ በቢጫ ፕላስተር የተጠቀለለ። ሰኞ ዕለት ከወንድምህ ዕቃ ጋር ፈርመህ ወስደኸዋል፣ ዋሪክ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዋሪክ አልካደም፤ እንዲያውም ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻው ላላ።

«በራሱ በጆኤል ገመድ እንዲሆን ፈልጌ ነው» አለ። «ጆኤል የሞተ ቀን የካያኮቹን መገናኛ ሬዲዮ ዳር ቆሜ እየሰማሁ ነበር። ጆኤል ‹ሣጥን ውስጥ ላስገባው› ሲል ፈርገስ ‹ጊዜ የለም፣ ገመዱ ላይ ተወውና ግባ› አለው። ፖሊስ ሲጠይቀው ደግሞ ‹ልጁ በራሱ ፈቃድ ነው› አለ። ላንቺም ነግሬሻለሁ፣ ሳጅን። ሐዘን ነው የሚያናግረው ብለሽ አልጻፍሽውም።»

ኢመልዳ ፊቷ ነደደ። እውነቱን ነበር።

«አልጻፍኩትም» አለች። «ጥፋቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ፈርገስ ምን አለህ?»

«ፔዳሉን አቀበለኝና ‹ስለ ጆኤል የምነግርህ ነገር አለ› አለ። የወንድሜን ስም በዚያ አፉ ሲጠራ አልቻልኩም። መታሁት።»

ዴዝመንድ ቀስ ብሎ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አድራሻህን ሲያጠያይቅ ነበር። ለዋሪክ ሳልነግረው አልሞትም ይል ነበር።»

«ይበል» አለ ዋሪክ። «ሰምቼውም ቢሆን እመታው ነበር።»

እጁን ለካቴናው ዘረጋ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ፤ ሳይዞር ጠየቀ።

«ዴዝ። ምን ነበር ሊለኝ የነበረው?»

«እኔ እንጃ» አለ ሽማግሌው። «ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። መጀመሪያ መስማት ያለበት ዋሪክ ነው እያለ ለኔም አልነገረኝም።»