ያኛው የት ሄደ?

«ያኛው የት ሄደ?» ይላል ጽሑፉ።

ሰፈራቸው ጌም ቤት ውስጥ ፕሮፌሰር ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ጣለና ወደ ፌንጣ ዞረ። አንዲቷ መስመር ስክሪኑ ጥግ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። የጻፈው «ግድግዳ» የሚባል ተጫዋች ነው። ማን ይሁን፣ የት ይሁን አያውቁም። አሁን ፕሮፌሰርን በተከታታይ ሦስት ጊዜ አንገቱን ቆርጦታል። ጌሙ ውስጥ ነው ታዲያ፣ አትደንግጡ። ጌሙ የጎራዴ ጌም ነው።

«ምን ማለቱ ነው?» አለ ፕሮፌሰር።

ፌንጣ ገብቷታል።

«እኔን ነው የሚጠይቅህ» አለች ቀስ ብላ።

ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋሩ ልጆች ናቸው። እሱ ፕሮፌሰር የተባለው በመነጽሩ እንጂ በውጤቱ አይደለም። እሷ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ፌንጣ አሏት። ጆይስቲክ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ በግራ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ትመታለች።

ነገሩ የተጀመረው ፕሮፌሰር ታይፎይድ ይዞት አልጋ ላይ የዋለ ጊዜ ነው። በዚህ ጌም እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥር አለው። ከሚበልጥህ ጋር ገጥመህ ስታሸንፍ ቁጥርህ ብዙ ይጨምራል፤ በሚያንስህ ስትሸነፍ ብዙ ይወርዳል። ማሽኑም ያንን ቁጥር እያየ አቻህን ፈልጎ ያመጣልሃል። ካልተጫወትክ ደግሞ በየሳምንቱ ከላይህ ላይ ይሸርፍብሃል።

«አንቺ ልጅ፣ እንዳይወርድብኝ ብቻ ያዢልኝ» አላት በእናቱ ስልክ፣ ድምፁ ተዳክሞ። የሚገባበትን የሚስጥር ቃልም ነገራት።

ቁጥሩ ባለበት እንዲቆይ አንዱን አሸንፎ ሌላውን መሸነፍ ያስፈልጋል። ፌንጣ ደግሞ መሸነፍ አትችልበትም። ልትሸነፍ ትቀመጥና እጇ እንቢ ይላታል። ቁጥሩ ወጣ፤ ደግሞ ወጣ። ታች ያሉት ተጫዋቾች ይሳደባሉ፣ ይቀልዳሉ፣ «እማማ ጋ ሂድና ተኛ» ይባባላሉ። ላይ ግን ጸጥታ ነው። ማንም ምንም አይጽፍም። ቁጥራቸው እዚያ የደረሰ ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ማሽኑ እነዚያኑ ሰዎች ደጋግሞ ያመጣል። ግድግዳንም አምስት ስድስት ጊዜ ገጠመችው። ፊቱን ሳታውቀው አረማመዱን አወቀችው። ለካ እሱም አውቋታል።

ፕሮፌሰር ድኖ ሲመጣ ቁጥሩን አየና ዘሎ አቀፋት። «ነፍስ ነሽ እኮ!» አላት። እሷም ሳቀች። ያን ያህል ጊዜ በሱ ስም ስትጫወት የራሷ ቁጥር ሲሸረፍ እንደከረመ ትዝ ያላት በኋላ ነው።

የጌም ቤቱን ባለቤት ልጆቹ ሹፌሩ ይሉታል፤ ድሮ ታክሲ ይነዳ ነበር። ከሌላ ሰፈር ጌም ቤት ጋር የቡድን ግጥሚያ ሲያዘጋጅ፣ «እኔ ለማንም አላዳላም፤ ማሽኑ ይምረጥ» አለ። ማሽኑም መረጠ። ፕሮፌሰር አንደኛ ወጣ። ፌንጣ ለጥቂት ቀረች።

«ምን ነካሽ አንቺ፣ ሰነፍሽ?» አላት ሹፌሩ።

ፌንጣ ፕሮፌሰርን አየችው። አሁን እውነቱን ይናገራል ብላ ጠበቀች። የጌም ቤቱ ልጆች እነ ድምቡሼ ትከሻቸው ላይ አውጥተው እየጨፈሩበት ነበር፤ መነጽሩ ወደ አፍንጫው ጫፍ ወርዶ ይስቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሸነፋል። ያንን ሁሉ ከፍታ በሱ አቅም መውረድ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ እስኪወርድ ድረስ ማሽኑ እነዚያን ዝምተኞች አንድ በአንድ ይልክበታል። ግድግዳ «ያኛው የት ሄደ?» ብሎ የጻፈውም ያኔ ነው። ማታ ማታ ራቱን ሳይጨርስ ይነሳል። ለእናቱ የታይፎይዱ ነው ይላቸዋል።

የግጥሚያው ቀን ሹፌሩ ተጫዋቾቹን በመጋረጃ በተከፈሉ ጠባብ ክፍሎች አስቀመጠ። ተመልካቹ ውጭ ባለው ትልቅ ቴሌቪዥን ያያል። ተጋጣሚዎቹ በራሳቸው ጌም ቤት ናቸው። የተጋጣሚዎቹ ስም ሲወጣ ፕሮፌሰር ከንፈሩ ደረቀ። የነሱ አንደኛ ግድግዳ ነው።

«ውሃ አምጪልኝ» አላት ጮክ ብሎ። ይዛ ስትገባ መጋረጃውን ዘጋባት።

«አንቺ ተጫወቺ» አለ በሹክሹክታ። «ማንም አያይም። እኔ በመጨረሻ ላብ በላብ ሆኜ እወጣለሁ።»

«አቦ ሙድ አትያዝብኝ።»

«ስሞትልሽ። ዛሬን ብቻ።»

«ከዛሬ በኋላስ? ካሸነፍኩት ቁጥሩ ደግሞ ይወጣል። ከግድግዳ የባሰ ነው የሚመጣብህ።»

ከውጭ የሹፌሩ ድምፅ ይሰማል፤ ለሆነ ሰው ስለ ድሮ ሥራው ያወራል። «...በሌላ ሰው ተፈትኖ መንጃ ፈቃድ ያወጣ አንድ ባልደረባ ነበረን። ሜዳው ላይ ማን አወቀበት! ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ነው እንጂ...» ሰዎቹ ሳቁ። ፕሮፌሰር አልሳቀም።

ስክሪኑ መቁጠር ጀመረ። ጆይስቲኩን አንስቶ ዘረጋላት። ፌንጣ ጣቶቿ ሲበሏት ተሰማት። ያንን አረማመድ እንደገና ልትገጥመው ምን ያህል ጓጉታለች! ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ በግራ። ታሸንፈዋለች። ውጭ የሚጮኸው ግን የሱን ስም ነው፤ እሱም ደግሞ ነገ ብቻውን እዚያ ከፍታ ላይ ይቀራል።

ጥግ ያለውን የፕላስቲክ በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ከተተቻቸው።

«አልጫወትም» አለች። «ግን አልሄድም።»

ጨዋታው ተጀመረ። ግድግዳ አልተጣደፈም። ጎራዴውን ዝቅ አድርጎ መጣ፤ ፕሮፌሰር ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ይጫናል። የመጀመሪያው ዙር ሳይጀመር አለቀ ማለት ይቻላል። ውጭ አንዱ «ኧረ ተነስ!» ብሎ ጮኸ። ከሁለተኛው ዙር በፊት ጽሑፉ መጣ።

«ያኛው ዛሬም የለም?»

ትልቁ ቴሌቪዥን ላይም ወጥቶ ኖሮ፣ ድምቡሼ ጮክ ብሎ ሲያነበው ሰሙት። «ያኛው ደግሞ ማነው?» አለ።

ፕሮፌሰር መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ፌንጣን አላያትም። ፊደሎቹን እየፈለገ አንድ በአንድ ይጫን ጀመር፤ አንዱን ተሳስቶ አጠፋው፤ እንደገና ጻፈ።

«አጠገቤ ናት።»

ውጭ ያለው ጫጫታ ቀጥ አለ። ከዚያ የሹፌሩ ነጠላ ጫማ ሲንሸራተት ተሰማ፣ ወደ መጋረጃው፣ ቀስ እያለ። ፌንጣ በርጩማዋን ወደ ፕሮፌሰር ጠጋ አደረገች።