ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ዋይፋይ

ማመን ያቃተው አይፈረድበትም። እኔ ግን በገዛ ቤቴ የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ።

ካማጉዌይ፣ ኩባ። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ያሚልካ እባላለሁ። ቤት ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ድሮ በዚያ ሰዓት ቢሮ ነበርኩ፤ ላፕቶፔ ብቻ ቤት ትውል ነበር። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነባት ባሌ ላሳሮ ነው።

በየቀኑ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል...

"መስመሩ ነው ባክሽ። ተኚ፣ ሰዓቱም የእንቅልፍ ነው" ይለኛል ላሳሮ።

ሰለቸኝ። የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ኤሊየሰር ጋ ደወልኩ።

"ተርሚናሉን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ክፈቺ፣ እህቴ። የምልሽን ጻፊና የመጣውን አንብቢልኝ።"

ጻፍኩ። አነበብኩለት።

እንደገና አስነበበኝ።

"ምነው?"

"ዋይፋይሽ አልተበላሸም። ኮምፒውተርሽ የቤቱን ትቶ ሌላ ዋይፋይ ላይ እየገባ ነው። በየቀኑ... በራሱ።"

"የማን?"

"ስም የለውም። ግን የይለፍ ቃሉን ያስቀመጠ ሰው አለ። እይው።"

አየሁ። ላሳሮ።

ያስቀመጠበት ቀን... የሠርጋችን ዋዜማ።

"ሲግናሉ ስንት ይላል?" አለኝ።

"ሰማንያ።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያሚ... ዋይፋዩን የሚለቀው ማሽን ቅርብሽ ነው። ክፍሉ ውስጥ።"

ላፕቶፗን ታቅፌ መኝታ ቤቱን ዞርኩ። በሩ ጋ ስድሳ። አልጋው ጋ ዘጠና።

ቁም ሳጥኑ ጋ... መቶ።

ገፋሁት። ባዶ ግድግዳ።

እጄን አሳረፍኩበት። ይሞቃል... እንደ ሰው ገላ።

ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት የለንም። ወንዝ ነው።

ላሳሮ ጋ ደወልኩ። "ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ምንድን ነው ያለው?"

ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰ።

"ገፋሽው እንዴ?"

"ላሳሮ! ምንድን ነው?!"

"ቀስ በይ... እሱ ይሰማሻል። እሷን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው ብሎኛል። አልነካትም ብሎ ምሎልኛል።"

"ማን ነው የማለልህ?"

"ሳጥኑን መልሺው፣ የኔ ቆንጆ።"

"ከተጋባን ሦስት ዓመት ሙሉ... አንድ ቀን እንኳ አትነግረኝም?"

"ብነግርሽ ታገቢኝ ነበር?"

ስልኩን ዘጋው።

ላፕቶፗን አልጋው ላይ ጥዬ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ዞሬ ቤቴን አየሁት።

በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳችን መስኮት አልነበረውም። ኖሮትም አያውቅም።

አሁን ግን በመኝታ ቤታችን ልክ መስኮት አለ... ነጭ መጋረጃ ተሰቅሎበታል።

አንድ እጅ ከውስጥ ቀስ ብሎ ገለጠው።